በድልድዩ በር ፊት የተነገረ ቃል

ቬራንዝ፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ 1190

ለወንድሜ ለኦብሪ፣ የቬራንዝ ሊቀ ጳጳስ፣ ባሕር ተሻግሮ በዓኮ ከተማ ፊት ለሰፈረው፤

ከማርሴይ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። የመርከቡ ሽታ ገና ሳትሳፈር እንዳቅለሸለሸህ አንብቤ አዘንኩ። ስለ ጤናዬ ለጠየቅኸኝ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል። የገዳሜ እህቶችም ደህና ናቸው። የካቴድራሉ ጣሪያ አለቀ ወይ ላልከው፣ አላለቀም። የእርሳሱን ቆርቆሮ ከግማሽ በላይ አልብሰውታል፤ የቀረው ሰማይ ያያል።

አሁን ወዳልጠየቅኸኝ ነገር ልምጣ።

ከሄድክ ወዲህ በታችኛው ሰፈር ደወል አልተደወለም። ገዳሜ ከሰፈሩ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ዝምታውን ከማንም በላይ የምሰማው እኔ ነኝ። ሕፃን ሳይጠመቅ ይሞታል፤ ሽማግሌ ሳይቆርብ ይሞታል። ካህናትህ በመቃብሩ በር ላይ ዘበኛ ስላቆሙ ሰዎቹ ሬሳቸውን ከወንዙ ማዶ በአጃ ማሳ ዳር ይቀብራሉ፤ ውሻ ያወጣዋል።

የሰፈሩ ጨርቅ ቀለም ነካሪዎች ጥፋት የለባቸውም አልልም። ለካቴድራሉ የሚሠራውን የአዲሱን ግድግዳ መወጣጫ አፍርሰው እንጨቱን ወንዝ ሲጨምሩት በመስኮቴ አይቻለሁ። ግን ግድግዳው ጨርቅ የሚያጥቡበትን ዳርቻ ዘጋባቸው። መጥተው ነገሩህ፤ አንተም "ለእግዚአብሔር ቤት ሲባል ትንሽ ወዲያ ሄዳችሁ እጠቡ" አልካቸው። ወዲያ ማለት የቆዳ ፋቂዎች ውሃ ነው። እዚያ የታጠበ ቀይ ጨርቅ ጭቃ መስሎ ይወጣል። ይህን አንድ ሰው እንኳ ወርደህ አልጠየቅክም።

መወጣጫው መፍረሱን ሰምተህ ከምሳ ተነሥተህ፣ አፍህን ሳትጠርግ ወርደህ፣ ሻማውን መሬት ላይ ሰብረህ ያልከውን ከተማው ሁሉ በቃሉ ይዞታል፦ "የታችኛው ሰፈር በሙሉ የተገዘተ ይሁን። እኔው በዚህ በድልድዩ በር ፊት ቆሜ በገዛ አንደበቴ ካልፈታሁት በቀር የሚፈታው አይኑር።" ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ለኢየሩሳሌም ዘመቻ መስቀሉን በትከሻህ ላይ አሰፍተህ በመሠዊያው ፊት ማልክ፦ "ኢየሩሳሌም ሳልገባ የቬራንዝን ደፍ ብረግጥ ግዝቱ በራሴ ላይ ይሁን።" በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ! በአንዱ እነሱን አሰርክ፣ በሌላው ራስህን። ምነው ያቺን ምላስህን ትንሽ ብታሳርፋት?

የጡት እናታችን ኦዲዬርንም የዚያው ሰፈር ሰው ናት። እኔንም አንተንም ያጠባች ሴት ዛሬ የተገዘተች ናት። በአትክልቱ በር በኩል ጠርቼ ላጽናናት ብሞክር ምን አለችኝ? "ተዪው የኔ ልጅ፤ ጥርስ ሲያወጣም ነክሶኝ ነበር። ሲርበው ይነክሳል፣ ሲጠግብ ይለቃል።" ሳቅኩ፤ እሷ ስትሄድ አለቀስኩ። ልጇ ፉልክ ካንተ ጋር በመዝመቱ ትመካለች። "ከአንድ ጡት ጠብተዋል፤ ክፉ አያየውም" ትላለች። ስለ እሱ ጻፍልን።

ግዝቱን ፍታ። ሌላ የምለምንህ የለኝም።

ታላቅ እህትህ ኤርሳንድ

*

በዓኮ ፊት ካለው የጦር ሰፈር፣ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን፣ 1190

እትዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በባሕር ውሃ ርሶ ነው። እሳት ላይ አድርቄ አነበብኩት። ብዙው ፊደል ጠፍቷል፤ ቁጣሽ ግን አንዲት ነጥብ አልጎደለባትም።

እንዴት እንደሆንኩ ምን ብዬ ልንገርሽ? እኛ ከተማውን ከብበናል፤ የሱልጣኑ ጦር ደግሞ እኛን ከኋላ ከቦናል። ዝናቡ አያቆምም። የደከመ ፈረስ ሲወድቅ ሰው ቢላ ይዞ ይሮጣል፤ እኔም ያንን ሥጋ በልቻለሁ፤ ጾም ቀን እንዳልነበረ ተስፋ አደርጋለሁ። ትናንት ሁለት ባላባቶች የማን ባንዲራ በጉብታው ላይ ይቁም ብለው ሰይፍ ተማዘዙ። ልገላግላቸው ብገባ አንደኛው፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ፣ "አባታችን፣ እርስዎ ጸሎትዎን ይጸልዩ" ብሎ በክርኑ ገፋኝ። እኔን! በቬራንዝ መንገድ ሳልፍ በቅሎዎች እንኳ ይቆሙልኝ ነበር።

ፉልክ ደህና ነው። እጁ ከቀለሙ ብዛት እስከ ክርኑ ሰማያዊ ስለሆነ ወታደሩ "ሰማያዊው" ብሎ ይጠራዋል። ድንኳኔን የሚጠግን፣ ማገዶ ከየትም ፈልጎ የሚያመጣ እሱ ነው። ሾርባ ስንጠጣ እንዲህ አለኝ፦

"አባታችን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ? መስቀል ይዞ የዘመተ ከግዝቱ ይፈታል ብለሃል፤ ስለዚህ እኔ ተፈትቻለሁ፤ አይደል?"

"ተፈትተሃል።"

"እናቴ ግን አልተፈታችም።"

"እሷ መስቀል አልያዘችም።"

"እኮ! ምን ላድርግ፣ ተሸክሜያት ልምጣ ነበር?" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ግዝቱን በተመለከተ፣ መልሴ ያው ነው። ተንበርክከው ይቅርታ ይጠይቁ። ሊቀ ጳጳስ ዛሬ የተናገረውን ነገ የሚያነሳ ከሆነ ማን ይሰማዋል? እዚህ ማንም አይሰማኝም፤ እዚያ እንኳ ልሰማ።

የኦዲዬርንን እጅ ሳሚልኝ። ልጇ ወፍሯል በያት። ባይወፍርም።

ኦብሪ

*

ቬራንዝ፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ 1191

ኦብሪ፣

ተንበርክከዋል።

በጾሙ መግቢያ፣ አመድ በሚቀባበት ረቡዕ፣ ሰፈሩ በሙሉ ባዶ እግሩን፣ ገመድ በአንገቱ አስሮ፣ በበረዶ ላይ እስከ ካቴድራሉ በር ወጣ። ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ በሰው ክንድ የተደገፈው ሁሉ። "ይቅር በሉን" አሉ። የፈለግኸው ይህ አልነበረም?

ሊቀ ካህናቱ ጎንድሪ ቆይቶ ወጣ። የሱፍ ካባውን ደርቦ ነበር። "ልጆቼ" አላቸው፣ "ልቤ አዘነላችሁ። ግን እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? አባታችን 'በገዛ አንደበቴ' ብለዋል። አንደበታቸው ባሕር ማዶ ነው፤ ይጠበቅ።" ከዚያ ገባ። ሰዎቹ ግራ ገብቷቸው ተንበርክከው ቆዩ። ተነሡ የሚላቸው እንኳ አጡ።

ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገርህ። የተገዘተ ሰው በማንም ዳኛ ፊት መክሰስ አይችልም። ጎንድሪም ይህን ስለሚያውቅ መወጣጫውን መልሶ አቁሞ ግድግዳውን እያስገነባ ነው። ካንተ ግዝት የተሻለ ዘበኛ ከየት ያገኛል? አንተ ለክብርህ ያልከው ለእሱ አጥር ሆነለት።

በእጅህ ጻፍ፣ በማኅተምህ አትም፣ ላክ። ምክንያት አትፈልግ።

ጣሪያው ያፈሳል። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ፉልክን በደንብ ያዝልኝ፤ እርጥብ መሬት ላይ አታስተኛው፤ ከአፍህ ቀንሰህም ቢሆን አጉርሰው። አደራ። ሌላው ወሬ ይቆየኝ።

ኤርሳንድ

*

በዓኮ ፊት ካለው የጦር ሰፈር፣ በጰራቅሊጦስ ማግሥት፣ 1191

እትዬ፣

የእጅ ጽሑፉ የኔ አይደለም፤ አንድ የጦር ሰፈሩ ቄስ እየጻፈልኝ ነው። ትኩሳት ይዞኝ ነበር፤ ጸጉሬ ረግፏል፣ ጥፍሬም እየተላቀቀ ነው። ድምፄም ሰልሏል። እድናለሁ ይላሉ፤ አትጨነቂ።

ፈትቻለሁ። በማኅተሜ የታተመው ቃል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጠቅልሏል። ለጎንድሪ በሰው ፊት ስጪው። ለምን አሁን፣ ለምን ያኔ አይደለም ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

ለኦዲዬርን አንቺው ራስሽ ንገሪያት፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማ። "ፈትቶሻል" በያት። ሌላ ነገር ከጠየቀችሽ፣ ራሱ ይጽፍልሻል በያት።

ኦብሪ

*

ቬራንዝ፣ በቅዱስ ሚካኤል ቀን፣ 1191

ብፁዕ አባታችን ሆይ፣

የላኩት የታተመ ቃል ደርሶን ለሊቀ ካህናቱ በካህናቱ ማኅበር ፊት ሰጥተነዋል። አንቱ ያልኩዎት ከአክብሮት እንዳይመስልዎ።

ጎንድሪ ማኅተሙን ሳመው። ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ምን አለ መሰለዎ? "ማኅተሙ የእሳቸው ነው፤ ማንም አይጠራጠር። ግን ማኅተም አንደበት አይደለም፣ ይህም አዳራሽ የድልድዩ በር አይደለም። እኛ ማን ነንና የአባታችንን ቃል የምናሻሽለው?" ካህናቱም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አሉ። አንድ ብቻ ዝም አለ፤ እሱም የታችኛው ሰፈር ቄስ ነው፤ ከበር አጠገብ ነበር የተቀመጠው፤ ቃል አልተሰጠውም።

ከዚህ በኋላ አንተ ልበልህ፤ አንቱታ ለረጅም ንዴት አይመችም።

ኦብሪ፣ ለኦዲዬርን ሰላምታ ላክህ፤ መልስ አጣህ። አታስተውልም እንዴ? ወይስ አስተውለህ ፈራህ? እንግዲህ ልንገርህ። ሞታለች። ያን ረቡዕ ከሰፈሩ ጋር በበረዶው ላይ ወጥታ ነበር። በባዶ እግርሽ አትውጪ ብዬ ሰው ልኬባት፣ "እኔ ካልተንበረከክኩ ኦብሪ ይቅርታውን ጎዶሎ ነው ይላል" አለች። ስትመለስ ሳል ያዛት፤ ሳምንቱን አልጨረሰችም።

የሰፈሩ ቄስ ሊያቆርባት መጥቶ በሯ ላይ ከጎንድሪ ሰዎች ጋር ተገናኘ፤ መለሱት። "ማሳ ዳር እንዳትጥሉኝ፤ ከባሌ አጠገብ ነው የምፈልገው። ኦብሪ ይመጣል፤ ሲመጣ ታስገቡኛላችሁ" አለች። አምናህ ነው የሞተችው። እኔ እንደሷ ባምንህ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

በአትክልቱ በር አስገባኋት። የጣሪያው ሠራተኞች ከካቴድራልህ እርሳስ ቆርጠው ሣጥን ሠሩላት፤ ገጣጥመው በየዙሪያው አተሙት። ከማድ ቤቱ ሥር ፖም በምናስቀምጥበት ቀዝቃዛ ጓዳ አለች። የገዳሙ እህቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ አንዷም አልተናገረችም፤ እነዚያ ስለ ሽንኩርት እንኳ ምሥጢር የማይጠብቁ! ጣሪያህ የሚያፈሰው ለዚህ ነው።

አሁን ያንተ ተራ ነው። ፉልክ የት ነው? ከመጨረሻው ደብዳቤህ ውስጥ "ፉልክ ደህና ነው" የምትል ቃል ጠፍታለች። እኔም እንደዚያው አድርጌ ስለደበቅኩህ፣ የተደበቀ ነገር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ና። ደብዳቤ አትላክ፤ አንተው ና።

ኤርሳንድ

*

ከኢየሩሳሌም ወዲህ ካለው ኮረብታ ሥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ 1192

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዓኮ ተይዛ፣ ጦሩ ተጉዞ፣ ሰው ሁሉ "ደረስን" ሲል እኔ ስለ ፖም ጓዳ ነበር የማስበው።

ፉልክ ሞቷል። ካለፈው ፋሲካ በኋላ ነው። ክረምቱን ሙሉ የራሱን ድርሻ ለሌላ ሲያበላ ቆይቶ ድዱ ይደማ፣ እግሩ ያብጥ ጀመር። ማለቁን ሳይ ቅዱስ ቁርባኑን ይዤለት ገባሁ። ቀና ብሎ አየኝና "ስንታችን ነን የምንቆርበው?" አለኝ።

"አንተ።"

"ብቻዬን?"

"ብቻህን።"

"እንግዲያ ይቅር።"

የሚቃዥ መሰለኝ። አልነበረም። "እናቴ ሳትቆርብ እኔ ቆርቤ የት ልሄድ ነው?" አለኝ። "እዚያ ስደርስ ከሰፈሬ አንድ ሰው ከሌለ ማንን ላውቅ ነው? አንተን? አንተን እዚህም ጠግቤሃለሁ።" ሳቀ፤ ጥርሱ ሁሉ ደም ነበር። ለመንኩት። አዘዝኩት። ተቆጣሁት፣ እትዬ፤ በሚሞት ሰው ላይ ጮህኩበት። ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ። በማግሥቱ፣ ሳይቆርብ ሞተ። የታተመውን ቃል የላክሁልሽ ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ከደብዳቤሽ ቀኑን ሳስተያይ፣ እሱ "እናቴ ሳትቆርብ" ሲለኝ እሷ ከሞተች ሰንብታ ነበር። ሁለቱም እርስ በርስ እየተጠባበቁ ሞቱ። መሃላቸው የቆምኩት እኔ ነኝ።

ና ብለሽኛል። እንዴት ልምጣ? በሁለት ቃሌ መሃል ተቀርቅሬአለሁ። ካልመጣሁ ሰፈሩ እንደታሰረ ይቀራል። ኢየሩሳሌም ሳልገባ ደፉን ከረገጥኩ የተገዘትኩት እኔ ነኝ፤ የተገዘተ ደግሞ ማንንም አይፈታም። ጎንድሪ ይህን ከእኔ ቀድሞ እንዳሰበው አልጠራጠርም።

ኢየሩሳሌም እገባለሁ ብዬ ነበር። ቅርብ ነን፤ ከኮረብታው ጫፍ ትታያለች ይላሉ። ወጥቼ ነበር፤ ጭጋግ ብቻ ነው ያየሁት። ትናንት አለቆቹ "ዝናቡ አላስቻለም" ብለው ጦሩን መልሰውታል። ሰው በጭቃው ውስጥ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አየሁ። ከሮማ ከተላከው እንደራሴ ዘንድ ሄጄ ከመሐላዬ ይፍቱኝ ብዬ ለመንኩ። "አባቴ፣ ወደ ቤቱ መሄድ የማይፈልግ ማን አለ?" አለኝ። "አንተን ብፈታ ነገ ይህ ሁሉ ድንኳን ባዶ ነው።" እውነቱን ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ወደ ባሕሩ የሚወርዱ በሽተኞች አሉ፤ ከእነሱ ጋር እወርዳለሁ። ከዚያ ወዲያ የማደርገውን አላውቅም።

ኦብሪ

*

ቬራንዝ፣ በዕርገት ሳምንት፣ 1192
ማርሴይ ወደብ ላይ ይቆየው

ኦብሪ፣

ከመርከብ እንደወረድክ ከነጋዴዎች ሰማሁ። እኔ ከሰማሁ ጎንድሪም ሰምቷል።

ና ያልኩህ እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ አትምጣ ልልህ ነው፤ ስደበኝ። በየቤተ ክርስቲያኑ መሐላህን ቃል በቃል አስነብቦታል። "አባታችን ቃላቸውን የሚያፈርሱ ሰው አይደሉም" እያለ ያመሰግንሃል፤ ማመስገኑ ነው የሚያስፈራኝ። ደፉን በረገጥክ ዕለት ወደ ሮማ የሚሄደው ሰው በቅሎው ተጭኖለት ይጠብቃል። ከወንበርህ ያስነሱሃል። ለፉልክ ሐዘን ገና አልተቀመጥኩም፤ ባንተም ላይ ሌላ ሐዘን አልፈልግም።

ግን አውቅሃለሁ፤ ሲከለክሉህ ነው ጉልበት የምታገኘው። ከመጣህ ይህን አስብ። የማልከው "የቬራንዝን ደፍ ብረግጥ" ብለህ ነው። የገዘትከው ደግሞ "በድልድዩ በር ፊት" ብለህ ነው። በር ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ ከተማው፣ አንዱ ወደ ድልድዩ። ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው ገና ደፉን አልረገጠም። ጎንድሪ በቃልህ ፊደል ከተጣበቀ እኛም በፊደሉ እንያዘው።

ይህን የምጽፍልህ ብልህ መስዬ ልታይ ብዬ አይደለም። ሌላ ምንም የቀረን ነገር ስለሌለ ነው።

ኤርሳንድ

*

ቬራንዝ፣ በኦዲዬርን ቤት፣ በመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ዋዜማ፣ 1192

እትዬ፣

ካንቺ የሚለየኝ አንድ ግድግዳ ሆኖ ሳለ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። መነኩሲት ለተገዘተ ሰው በር አትከፍትም፤ እኔም አላስከፍትሽም። ስለዚህ ከመስኮትሽ ያልታየሽን ልንገርሽ።

በድልድዩ ላይ የደረስኩት ጠዋት፣ ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች ቅርጫታቸውን ሲያወርዱ ነው። መጀመሪያ ማንም አላወቀኝም። ጸጉር የለኝም፣ ጥርሴም ጎድሏል። ከዚያ አንዷ ዓሣ ሻጭ "እሱ ነው!" ብላ ሮጠች። የታችኛው ሰፈር ሰው በበሩ ውስጥ ሞላ። እልል ያለ የለም፤ ድንጋይ የያዘ ግን ነበር።

ጎንድሪ እያለከለከ ደረሰ። "እንኳን ደህና መጡ አባታችን። ኢየሩሳሌም እንዴት ናት?"

"አላየኋትም።"

"እንግዲያ አይገቡም።"

"መቼ ገባሁ?" አልኩት። እግሬን አየ፤ ደፉን አየ፤ እንደገና እግሬን አየ። ያን ጊዜ ገባው።

ፈትቻችኋለሁ አልኩ። ድምፄ ከበሽታው ወዲህ እንደ ዛገ በር ነው፤ ከፊት ያሉት ብቻ ሰሙኝ። ከኋላ አንዲት ሴት "ጮክ በላ! ስትገዝተን እስከ ወፍጮው ነበር የምትሰማው!" ብላ ጮኸች። ሰዉ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ ነበር። እንደገና አልኩ። አሁንም "አልሰማንም!" አሉ። እስኪሰሙ አልኩት፤ ጉሮሮዬ ደም እስኪቀምስ። በመጨረሻ ያ በካህናቱ ማኅበር ከበር አጠገብ ተቀምጦ ነበር ያልሽኝ የሰፈሩ ቄስ ማንንም ሳይጠይቅ ሄዶ ደወሉን ሲደውል ሰማሁ። አንዳንዱ ሕፃኑን አቅፎ ወደ ደወሉ ሮጠ።

ጎንድሪ ቀረብ ብሎ፣ በዝግታ፣ "አሁን ይመለሱ አባታችን" አለኝ። "ከድልድዩ ማዶ ሊቀ ጳጳስ እንደሆኑ ይኖራሉ። ምን ጎደለብዎ?" እውነቴን ነው የምልሽ፣ አሰብኩበት። ግን ኦዲዬርን ከደፉ ወዲህ ናት፤ ሲመጣ ታስገቡኛላችሁ ብላለች። የፉልክንም ነገር በድልድይ ላይ ቆሞ ጮኾ የሚነግር ሰው አልሆንም።

ገባሁ። ጎንድሪ ልብሱ እንዳይነካኝ ሰብስቦ ዞር አለ። ቆባቸውን ያወለቁልኝ ዓሣ ሻጮች መልሰው ደፉ።

ኦዲዬርን ስትቀበር የነበርኩበትን አይተሻል፤ ከመቃብሩ አጥር ውጭ። የተገዘተ ሰው መግባት አይችልማ። አንቺ በአትክልቱ በር ቆመሽ ነበር፤ ጥቁር ሻሽሽን አየሁት። ጸሎቱን የሰፈሩ ቄስ አደረሰ፤ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ዜማም ያጠፋል። እኔ በተሻለ አደርሰው ነበር። ከባሏ አጠገብ ገባች። ሌሎቹንም ከማሳው ዳር እያወጡ ሲያስገቡ ዋሉ፤ ማንም ሊያስቆማቸው አልደፈረም።

ከዚያ ስለ ፉልክ ነገርኳቸው፤ አንድም ነገር አላስቀረሁም። ይደበድቡኛል ብዬ ነበር። አንድ አዛውንት ቀለም ነካሪ አሁንም አሁንም ራሱን ሲነቀንቅ ቆይቶ "ቆየህ" አለኝ። "በጣም ቆየህ።" ያ ብቻ። ይህን ቤት ከፍተው ገለባ አነጠፉልኝ፤ ማመስገናቸው ግን አይደለም፤ ሌላ የሚያስገባኝ ስለሌለ ነው።

ነገ የጎንድሪ ሰዎች ወደ ተራራው ገዳም ይወስዱኛል፤ ከሮማ መልስ እስኪመጣ በዚያ እቆያለሁ። አትከተዪኝ። ከእኔ ጋር የበላ እንደኔ ይሆናል።

ኦብሪ

*

ቬራንዝ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ 1193

ኦብሪ፣

የጠየቅኸኝን በቅደም ተከተል ልመልስልህ፤ ከዚያ በኋላ አልመልስልህም።

ከሮማ መልስ መጣ ወይ? አልመጣም። የሄደው ሰው በመንገድ ታመመ ይላሉ፤ ሌላው ተልኳል ይላሉ፤ ጎንድሪ ደግሞ መቸኮል ምን ያደርጋል ይላል። በወንበርህ ላይ አልተቀመጠም፤ አጠገቡ ሌላ ወንበር አስቀምጦ በዚያ ላይ ይቀመጣል።

ግድግዳው ፈረሰ ወይ? አልፈረሰም። አልቋል። ቀለም ነካሪዎቹ አሁንም በቆዳ ፋቂዎች ውሃ ያጥባሉ። አሁን ግን የተፈቱ ሰዎች ስለሆኑ ጎንድሪን በንጉሡ ዳኞች ፊት ከስሰዋል። ዳኞቹ ነገሩን ለመጪው በጋ ቀጥረውታል። "ቢያንስ መክሰስ ቻልን" ይሉኛል። እኔ በንዴት ልፈነዳ ነው፤ እነሱ ግን ቀጠሮውን እንደ በዓል ቀን ነው የሚጠብቁት። ምናልባት እነሱ ልክ ናቸው። በእኔ ዕድሜ ግን መጪው በጋ ሩቅ ነው።

ስምህን ይረግማሉ ወይ? አይረግሙም። አይመርቁም። ያሰረው ፈታ፣ ምን ይደንቃል ይላሉ። ከዚህ የተሻለ ልዋሽልህ አስቤ ነበር።

ካለፈው ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እንደ ቀልድ አድርገህ የጻፍከውን ግን አልሳቅኩበትም። መነኮሳቱ ስትመገብ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደሚያስቀምጡህ፣ ሳህንህንም በረጅም እንጨት ገፍተው እንደሚያቀርቡልህ። "ሾርባው ግን ጥሩ ነው" ብለሃል። ስታታልለኝ ከሕፃንነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ። ከዚያ ወዲህ እኔም ምግብ አልበላ ብሎኛል።

አትምጪ ብለህ ደጋግመህ ጽፈሃል። መልሴ ይኸውልህ። የእመምኔትነቱን በትርና ቁልፉን ዛሬ ለእህት አዴሊን አስረከብኩ። አንዳንዶቹ አለቀሱ፣ አንዳንዶቹ ደስ አላቸው፤ ማን ማን እንደሆነ አይቻለሁ። ጎንድሪ "ከተገዘተ ጋር የበላ የተገዘተ ነው፤ ያውቁታል እመምኔት?" ብሎ ሰው ላከብኝ። በደንብ አውቃለሁ፣ ሕጉን ከልጅነቴ ነው ያነበብኩት በለው አልኩ።

ደብዳቤ ሰልችቶኛል። የጠየቅከኝን ስመልስ አንተ ሌላ ሰው ሆነህ ትቆየኛለህ፤ እኔ የጠየቅኩህ ሲመለስልኝ የሞተው ተቀብሯል። ደግሞ ለአንተ ያጠራቀምኩት ብዙ ስድብ አለኝ፤ ስድብ በብራና ላይ ሲጻፍ ይበርዳል።

ነገ ጠዋት እነሣለሁ። የሰጡኝ በቅሎ ሰነፍ ነውና ይህ ደብዳቤ ይቀድመኝ ይሆናል። ከቀደመኝ ለአበምኔቱ ንገረው፤ በግድግዳው ጥግ ካለው ገበታህ አጠገብ አንድ ወንበር ይጨምር፣ ሾርባውንም ለሁለት ሰው ያድርገው።

ኤርሳንድ